የታመሰ ገብስ ወደ ጎተራ አይመለስም

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ለመጻፍ የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ዘግይቼ ነው፤ ዳዊት ጀምሬም ሳልጨርስ አቋረጥኩ። አሁንም አንድ መስመር ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ካልሰረዝኩ አይሆንልኝም። የተማረ ሰው ይህን ቢያይ "ይኼን ደግሞ ማን ጻፍ አለው?" ይለኛል እያልኩ ወረቀቱን ስንት ቀን አጥፌ በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ግን የኔአለም የምትሠራበትን ፎቅ በር የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ የሆነውን ከሷም ከሌሎቹም አፍ ሰምቻለሁ። ከተማው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያወራዋል። ስለዚህ ስህተቴን እየዘለላችሁ ነገሩን ብቻ እዩልኝ። ስለ ኮምፒውተሩ በምለው ላይ ካጠፋሁ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷስ በደንብ አስረድታኝ ነበር።

የኔአለም ደምለው የሮብ ገበያ ሰው ናት፤ ከሮብ ገበያም ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ የሚወጣው መንደር ልጅ። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከገብስና ከድንች በቀር የሚበቅል የለም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት በቤታቸው አንድ ነገር ሆነ። የአባቷ ታናሽ ወንድም ለድግስ ብሎ ከዘሩ ጎተራ አንድ ቁና ገብስ ወሰደ፤ አመሰው፤ የፈለገውን ያህል ከተጠቀመ በኋላ የተረፈውን ለማንም ሳይናገር መልሶ ጎተራው ውስጥ ጨመረው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ የወሰደውን መመለሱ ነበር። ገብስ ታምሶ ብዙ ካልጠቆረ ደግሞ ከጥሬው አይለይም። ዝናቡ መጣ፤ ተዘራ። እርሻው ላሽ እንደበላው ራስ ቦታ ቦታ ተመልጦ ቀረ። የታመሰ ገብስ ከየት ይበቅላል!

ከዚያ ዓመት ወዲህ እናቷ የጎተራውን አፍ በእበት መርጋ ዘጋችው። ከሷ እጅ በቀር የሚከፍተው ጠፋ። ባሏ እንኳ ቢሆን ይጠይቃታል። "የፈለጋችሁትን እሰፍርላችኋለሁ፤" ትል ነበር፤ "ቁሉት፣ ፍጩት፣ ጥመቁት፤ እንደወደዳችሁ። የወሰዳችሁትን ግን አትመልሱብኝ።"

የኔአለም ይህን ነገር ይዛ አደገች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች፤ ሁለት ክረምት ሥራ አጥታ ቤቷ ተመልሳ ድንች ቆፈረች፤ በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከመለዋወጫ መደብሩ በላይ ያለው ፎቅ ላይ፣ አቶ እንዳላማው የሚባሉ ሰው ቀጠሯት። አቶ እንዳላማው ድረ ገጽ የሚያሠሩ፣ ቁጡ፣ ከምስጋና ጋር ያልተዋወቁ ሰው ናቸው። ክፍሉ አንድ ነው፤ ጠረጴዛው ሁለት። በሁለተኛው ጠረጴዛ ድረስ የሚባል ልጅ ይሠራል፤ ከሷ በሦስት ዓመት ይቀድማል።

መጀመሪያ ላይ ያለማመዳት እሱ ነው፤ እውነቱን መናገር ደግ ነው። የተበላሹት አንድ ቀን ነው። ቲኬት በስልክ የሚቆረጥበትን ገጽ ያዘዙት የሚኒባስ ማኅበር ሰዎች ለማየት መጥተው ሳለ፣ የኔአለም በሁሉ ፊት "የወንበሩ ሥዕል ቀርፋፋ ነው፤ እንደገና መሠራት አለበት" አለች። ተሳፋሪ ወንበሩን የሚመርጥበት ያ ሥዕል የድረስ ነበር። ድረስ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። እንግዶቹ እንደወጡ፦

"የጮቄ ብርድ አንጎልሽን አደንዝዞታል መሰለኝ፤ በሰው ፊትና በጓዳ የሚባለውን አትለይም" አላት።

"ቀርፋፋ የሆነውን ፈጣን ብዬ ልዋሽልህ ነው?"

"እኔ ያስተማርኩሽን ቋንቋ በኔው ላይ ተናገርሽው።"

"አስተምረኸኝ ከሆነ ደስ ይበልህ!"

አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር አልተነጋገሩም። እሱ መስኮት ይከፍታል፤ እሷ ትዘጋለች። ሥራ የግድ ሲሆንባቸው በኮምፒውተር ይጻጻፋሉ፤ እሱም ሰላምታ የሌለው። እኔ ቁልፍ ላቀብል ስገባ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፈሰው ራሱ የሚቆርጥ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ ገጽ፣ እንደነገረችኝ፣ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከየክፍሉ ተገጣጥሞ ነው የሚቆመው። ክፍሉን ኮምፖነንት ይሉታል። በሚኒባሱ ገጽ ላይ ከላይ ሰሌዳ አለ፤ መኪናው የት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ያሳያል። ከመሀል የወንበሩ ሥዕል፣ ከታች ደግሞ ቲኬቱ። ሰሌዳው የየኔአለም ነው፤ ሥዕሉና ቲኬቱ የድረስ። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው፤ ሰዓቱን፣ የተያዘውን ወንበር፣ የተሳፋሪውን ስም። እያንዳንዱ የራሱን ከያዘ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ አንድ የጋራ ማስቀመጫ ተሠራ፤ ሁሉም ከዚያ ይወስዳል። እነሱ ስቶር ይሉታል። የኔአለም ጎተራ ነው የምትለው። የሠራችው እሷ ናት።

ጎተራው ውስጥ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው የሚቀመጠው፤ ከሩቅ አገር ካለው ማሽን እንደዚያ ሆኖ ስለሚመጣ። የኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት በፈረንጅ ስምንት ነው። ስለዚህ ለሰው ከመታየቱ በፊት ስድስት ይቀነሳል። የኔአለም ደንብ አወጣች፤ እናቷ ያወጣችውን ደንብ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፦ "ለሁሉም። ሰዓቱን ከጎተራው ወስዳችሁ በየቤታችሁ ቀይሩ። የቀየራችሁትን ወደ ጎተራው አትመልሱ።"

በማግስቱ ወረቀቱ ተቀዶ ቅርጫት ውስጥ ተገኘ። እሷም ሌላ አልለጠፈችም።

ለጎተራው መቆለፊያ ማበጀት ይቻል ነበር፤ ከውስጡ የሚወስድ ሁሉ ግልባጩን እንጂ ራሱን እንዳያገኝ ማድረግ። ግን ያን ለማድረግ የድረስንም ክፍሎች መንካት ያስፈልጋል፤ ለመንካት ደግሞ እሱን ማናገር። ሳትቆልፈው ቀረች።

አሁን ወደ የኔታ ገዳሙ ልምጣ። የኔታ እዚሁ ከተማ ውስጥ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ወለተ ኪዳን የምትባል እኅት አለቻቸው፤ እሷም እዚሁ ከተማ ናት። ሁለቱ በእናታቸው ግቢ ባለ ባሕር ዛፍ ተጣልተው ሦስት ዓመት ሆናቸው። መንገድ ላይ ቢገናኙ አንዱ ወደ ማዶ ይሻገራል። መሀል ሆኖ ያቆያቸው ቁይ ከተማ የሚኖረው ወንድማቸው ነበር፤ አንዱን በገና ሌላዋን በፋሲካ እየጠራ። እሱም በዓቢይ ጾም አረፈ። አርባው ረቡዕ ቀን ዋለ።

የወለተ ኪዳን ልጅ ሶልያና መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በልቧ አንድ ዘዴ አሰበች። በስልኳ ገጹን ከፍታ ለእናቷና ለአጎቷ ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ቆረጠች፤ እናትየዋ የሟች ወንድሟ አርባ ነውና እሺ አለች፤ አጎትየውም እሺ አሉ። ቲኬቱን ለየስልካቸው ላከችላቸውና ወደ ሥራዋ ሄደች። የእናቷ ቲኬት 2:00 ይላል። የአጎቷ 8:00 ይላል። እሷ ሁለተኛውን አላነበበችውም፤ አንድ መኪና ነው፣ ምን ብላ ታነበዋለች?

ረቡዕ ጠዋት ወለተ ኪዳን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ባለው ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ያዘችው። ተራ አስከባሪው አንሙት መጣ።

"እናቴ፣ ይኼ ወንበር የማን ነው?"

"ሰው አለው።"

"ሰውየው የታለ? ሰዓት እኮ ሞላ።"

"ሰው አለው አልኩህ!"

"ታዲያ ይደውሉለታ!"

"እኔ አልደውልለትም" አለች። "ከመጣ ይምጣ፤ ከቀረ ይቅር።"

አንሙት አሥር ደቂቃ ታገሰ፤ ሹፌሩ ተሳደበ፤ መኪናዋ ወጣች። ባዶው ወንበር ነጠላ እንደለበሰ እስከ ቁይ ሄደ። የኔታ ገዳሙ ደግሞ ከምሳ በኋላ በሰባት ሰዓት ተኩል፣ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ቀድመው መናኸሪያ ደረሱ። አንሙት ቲኬቱን አይቶ ራሱን አከከ።

"የኔታ፣ የቁይ መኪና እኮ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሄደች።"

"ስምንት ይላል።"

"እንጃ እንግዲህ። የከሰዓት መኪና ለዛሬ የለንም።"

ቁይ ላይ ፍትሐቱን ሌላ ካህን አደረሰ። ማታ ወለተ ኪዳን ለልጇ ደወለች። እስከ እሑድ ከሟች ሚስት ጋር እዚያው እንደምትቆይ ነገረቻት። ቀጥላ "ሁለት ወንድም ነበረኝ፤ አሁን አንድም የለኝ። ደግመሽ ስሙን እንዳታነሺብኝ" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሶልያና አጎቷን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ላስቆማት አልደፈርኩም። ሁለቱን ቲኬት በስልኳ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ አቶ እንዳላማው አፍንጫ ስር ደቀነችው።

"በአንድ ስልክ! በአንድ ጊዜ! ወንበር አምስትና ስድስት! አንዱ ሁለት ሰዓት፣ አንዱ ስምንት! መኪናዋን ለሁለት ልትቆርጧት ነበር?"

አቶ እንዳላማው አዩትና ተደናገጡ። "ኔትወርክ... ኔትወርክ ይሆናል" አሉ።

የኔታ ገዳሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ። "ይኼ ኔትወርክ የሚባለው ሰው እንዴት ያለ ኃጢአተኛ ነው" አሉ። "በዚህ አገር የጠፋ ሁሉ እሱ ነው ያጠፋው። እስኪ ጥሩልኝና ልየው።"

የኔታ ወደ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ዞሩ። "ከእናንተ ሰዓት የሚሸጠው የትኛው ነው?"

ድረስ ቀደመ። "የኔታ፣ እኔ ቲኬቱ ላይ የምጽፈው ከማስቀመጫው ያገኘሁትን ነው። ማስቀመጫው ስምንት ካለኝ ስምንት እጽፋለሁ። ማስቀመጫው የሷ ነው።" አገጩን ወደ የኔአለም ቀሰረ።

"ማስቀመጫው የተሰጠውን ነው የሚሰጥ" አለች የኔአለም።

"ታዲያ ማን ሰጠው?"

"እሱን እናያለን!"

"እሷ ስምንት ወር ሙሉ ምን ስታይ ነበር?"

"ዝም በሉ!" አሉ አቶ እንዳላማው። "እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የዚህ ጥፋት ባለቤት በስሙ ይቅረብልኝ። ያ ሰው ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ባለቤት ካልተገኘ ጎተራው የማን ነው? የአንቺ ነው። አንቺ ትወጫለሽ።"

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ እንጀራ ለማስቆረስ አልመጣሁም፤ ለማስቆረጥም አልመጣሁም። እኅቴ ስደውል አታነሳም፤ ብታነሳም ከኔ አፍ አታምንም። እሷ ፊት ቆሞ 'እሱ አልቀረም፣ እኛ ነን ያስቀረነው' የሚል አንድ ምላስ ነው የምሻው። ካላችሁ ስጡኝ። ከሌላችሁ በዚያ ሳጥናችሁ ተቀበሩ።"

ሶልያና ስትወጣ በየኔአለም ጠረጴዛ አጠገብ ቆም ብላ "ስንት ወር የለመንኳቸውን ነገር በአንድ ቁጥር ገደልሽው" አለቻት።

የኔአለም ምሳ አልበላችም። ገጹን ከፈተችና እንደ ሶልያና ሁለት ወንበር ቆረጠች። የመጀመሪያው 2:00። ሁለተኛው 8:00። ሦስተኛ ጨመረች፤ ተመልሶ 2:00 አለ። ነገሩ እዚያው በራላት። የድረስ ቲኬት ከጎተራው ስምንትን ይወስዳል፤ ስድስት ቀንሶ ሁለት ያደርገዋል፤ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ያንኑ ሁለት መልሶ ጎተራ ይጨምረዋል። ሁለተኛው ቲኬት ሲመጣ የሚያገኘው የተቀነሰውን ሁለት ነው። ከሁለት ላይ ስድስት ሲቀነስ ሰዓቱ ዞሮ ስምንት ላይ ያርፋል። የታመሰ ገብስ! ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ከማሽኑ አዲስ ሆኖ ስለሚመጣ ለብቻው የሚቆርጥ ሰው አይሳሳትበትም፤ ሁለት ሰው አብሮ ሲሄድ ደግሞ የሚያየው የአንዱን ቲኬት ስለሆነ እስከዛሬ የነቃበት የለም። ይህን ለማውጣት አብረው የሚሄዱ፣ ግን የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር።

ማን የትኛውን መስመር በየትኛው ቀን እንደጻፈ የሚያስቀምጥ መዝገብ አላቸው፤ የእጅ ጽሕፈት እንደማለት ነው፣ አይካድም። ገለጠችው። ጥር ሃያ፣ ድረስ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አላት። እሷው ናት የነገረችኝ፤ "ደስታው እስከ ጆሮዬ ደረሰ" ነው ያለችው። ነገ ጠዋት ይህን መስመር አቶ እንዳላማው ፊት አስቀምጣ፣ ድረስ ዕቃውን በካርቶን ሲሸከም መስኮቱን ከፍታ ልታየው አሰበች።

ማስረጃ ልታበዛ ብላ በሥራ ማስታወሻው ውስጥ ስለ ሰዓት የተጻፈውን ሁሉ ፈለገች። አንድ ብቻ ወጣ። የካቲት ዐሥራ ስድስት። "ሁለት ወንበር ሲቆረጥ ሁለተኛው ሰዓት ይዛባል። የድረስ ነው። ራሱ ያግኘው።" ከስሩ ስም አለ። የኔአለም ደምለው።

ረስታው አልነበረም። የረሳችው መስሏት ነበር እንጂ። ያን ቀን ስትሞክር ስምንቱን አይታዋለች፤ ከየት እንደመጣም ገምታለች። እሱን ከማናገር ግን ምላሷ ቢቆረጥ መርጣ፣ አንድ ቀን በሰው ፊት ይዋረድ ብላ ተወችው። ያዋረደው ግን የማታውቃቸውን ሽማግሌ ሆነ።

ልትሰርዘው እጇን አነሳች። ብትሰርዘው መሰረዟም ይመዘገባል።

"አይተሽው ነበር።"

ድረስ ከኋላዋ ቆሟል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ነው ያነበበው። በስምንት ወር የመጀመሪያ ቃሉ ነበር ብቻቸውን ሆነው።

"አይቼው ነበር" አለች።

"ሁለት ወር ሙሉ! አምስት ደቂቃ ሥራ እኮ ነበር! ብትነግሪኝ ቁጭ ብዬ አስተካክለው ነበር።"

"ብነግርህ ትሰማኝ ነበር? ወረቀቴን ቀድዶ የጣለው ማነው?"

"'ለሁሉም' ብለሽ ለኔ ብቻ የጻፍሽውን ነው የቀደድኩት! ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን አለ? ቀና ብለሽ 'ድረስ' ማለት አቅቶሽ በግድግዳ ታስተምሪኛለሽ?"

እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑም የኔአለምን አናደዳት። "መስመሩ የአንተ ነው" አለች። "ገብሱን አምሰህ የመለስከው አንተ ነህ።"

"የምን ገብስ?"

"ተወው።"

ድረስ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ። አንቺ የኔን መስመር ይዘሻል፤ እኔ የአንቺን ማስታወሻ ይዣለሁ። ነገ አንቺ ብትከሽኝ እኔም እከስሻለሁ፤ ሁለታችንም ካርቶን እንሸከማለን። እኔ ቤት ኪራይ አለብኝ፣ እናት አለችኝ። ኔትወርክ ነው እንበል። ሩቅ ካለው ማሽን ሲመጣ ተዛባ እንበል። እሳቸውም መጀመሪያ ያሉት እሱን ነው፤ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ።"

"የኔታስ?"

"የኔታ ምን? አርባው አልፏል። ሰማንያው ላይ ይታረቃሉ።"

"ኔትወርክ ከእኅታቸው ፊት ቆሞ ይናገርላቸዋል?"

"ኧረ ባክሽ! ዛሬ ነው ጻድቅ የሆንሽው? የካቲት ላይ የት ነበርሽ?"

"የካቲት ላይ እንደ አንተው ነበርኩ" አለች። ለማስታረቅ አልነበረም፤ እንደ ስድብ ነው የወረወረችው፤ እሱም እንደ ስድብ ተቀበለው። በሩን እንደ ጥይት አጋጭቶ ወረደ። እኔ ደህና እደር ብለው አልመለሰልኝም።

እሷ ብዙ አልቆየችም። ሶልያና ትታ በሄደችው ቁጥር አጭር መልእክት ጻፈች፦ "ነገ በሁለት ሰዓት መኪና ቁይ እሄዳለሁ። ለየኔታ አጠገቤ ወንበር እይዛለሁ።" መልሱ ቶሎ መጣ። "እሳቸው ይመጡ ይሆናል። እኔ ግን አንቺን አልምርሽም።" ስልኩን ኪሷ ከትታ ደረጃውን ስትወርድ "ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ክፈትልኝ" አለችኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ፊቷ አያስጠይቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዓርብ፣ ጤዛው ሳይረግፍ መጣች። ከፈትኩላት። ጎተራውን ቆለፈችው። ከዚያ ወዲህ ማንም የሚወስደው ግልባጩን ነው፤ መልሶ የሚጨምርበት ቀዳዳ የለም፤ ለመለወጥ የፈለገ በአንዲት በር ብቻ ስሙን ጽፎ ይገባል። የድረስንም መስመር ነካች፤ ሳትጠይቀው። ከዚያ ለራሷና ለየኔታ ከኪሷ ሁለት ወንበር ቆረጠችና ሁለቱንም ቲኬት አነበበች። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። አተመቻቸው።

አቶ እንዳላማው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች። ክፍሉን ሳጸዳ አይቼዋለሁ፤ ማየት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ግን አየሁት። እንዲህ ይላል፦ "ሰዓቱን ቀይሮ ወደ ጎተራው የሚመልሰውን መስመር የጻፈው ድረስ ነው። የካቲት ላይ አይቼ፣ እሱ እንዲዋረድ ብዬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጎተራውን ሳልቆልፍ የተውኩትም እኔ ነኝ። እሱ ሳያውቅ ነው፤ እኔ አውቄ ነው። ከቁይ ስመለስ ዕቃዬን እወስዳለሁ።"

መናኸሪያ ስትደርስ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። ወንበር አምስት ላይ ተቀምጣ ሻርፗን ስድስት ላይ ጣለች። አንሙት መጣ።

"እኅቴ፣ ይኼ ወንበር የማን ነው?"

"ሰው አለው።"

"ኧረ በስመ አብ! ዛሬም?" አለ አንሙት። "ይኼ ወንበር ተረግሟል እንዴ? ታዲያ ደውይለታ!"

"ይመጣሉ።"

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የኔታ ገዳሙ መቋሚያቸውን ይዘው በመኪናው በር ጎንበስ አሉ። ሰላም አላሏትም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁለቱን ወረቀት ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አንዱን አነበቡ፤ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ዛሬስ ተስማምተዋል" አሉ። "ምላስሽን ይዘሻል?"

"ይዣለሁ፣ የኔታ።"

"ትሰድብሻለች። እኅቴን አውቃታለሁ።"

"ትስደበኝ።"

የኔታ ሻርፗን አንስተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላትና ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን በሁለቱ መሀል አቆሙት፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አንሙት በሩን ገፍቶ ዘጋው። መኪናዋ በሁለት ሰዓት ተነሳች።